ያልወጣው ብርሃን

መጀመሪያ ባዶው፤ ሸምሲያ ናት ያለችኝ፣
የመጀመሪያው ቀን ሥራ ስታሳየኝ።
ንጹሕ ውሃ ቅዳ፣ ብርጭቆውን ጥረግ፣
በጠርዙ ብቻ ያዝ፣ ጣትህን ሰብሰብ አርግ፤
ብርሃኑ ገብቶበት እንደገባ ሲወጣ
ዜሮ ብለህ ጻፈው፤ ከዚያ ሌላው ይምጣ።

ሌላው አዌቱ ነው፣ የነሐሴ ድፍርስ፣
ከድልድዩ በታች የቀዳሁት በጠርሙስ።
የቀጠነ ሻይ መስሎ መስኮቱ ሥር ቆሟል፤
ከገባው ብርሃን ሲሶው እዚያው ቀርቷል።
«የት ሄደ?» ስላት
ሳቀች። «የትም፤ ጠጥቶት።
ትንሽ ሞቆታል እንጂ፣ እጅህ ባያውቅም፤
የዋጠ ነገር ሁሉ እንደ ነበር አይቀርም።»

ለዚህ እንኳ ማሽን አያስፈልገኝም ነበር፤
ያደግሁት ጅማ ነው፣ ኮቺ፣ ከወንዙ ዳር፤
ግድግዳችን ዝናብ እስከ ወገቡ ጠጥቶ፣
ማታ የቋጠርነው ጨው አየር ሲምግ ነግቶ
ስንፈታው ያጣነው፣ ጨርቁን አርሶት ጠፍቶ።
ጎረቤታችን አባ ፊጣ፣ በርጩማ ጠራቢው፣
ዋንዛውን በዘይት ሲያሸው
«ቀባኸው አትበለኝ፣ አጠጣኸው በል» ይላል፤
«እንጨት ካልጠገበ መች መልኩ ያበራል?»
ልጅ ነበርኩ። ስቄ አልፌዋለሁ።

አባቴ ግን በቃል አላስተማረኝም።
መጋዘን ይጠብቅ ነበር፣ መናኸሪያው ጀርባ፣
ደረቅ ቡና፣ ጆንያ በጆንያ ላይ ሲገባ
እየቆጠረ የሚያድር።
አንድ ሌሊት፣ ሰማይ ተቀዶ፣
ሾፌር በሩ ላይ ቆሞ፣ በእግዜር በአላህ ማልዶ
አንዲት በርሜል አስገባለት፤ እስኪያባራ ብቻ።
ጠብታ አልፈሰሰም። ክዳኑም አልላላ።
ቡና ግን ጆሮ አለው፣ አፍንጫ አለው፣ ሆድ አለው፤
በርሜሉ ያልተናገረውን
ሌሊቱን ሙሉ ሲሰማ አደረ።

ዘጠኝ ቀን ቆይቶ ቀማሹ ልዑልሰገድ
ከማንኪያው ፉት አለ፣
ተፋ።
«ናፍጣ» አለ።
ሌላ ቃል አልጨመረም።
ሰማንያ ሁለት ጆንያ። አባቴ አልተከራከረም።

ቤት ገባ። ጫማውን ፈታ። ራቱን በላ።
ያን ቀን የገባበት ነገር በየት በኩል ወጣ?
እስከ ሞቱ ጠበቅነው፤ በቁጣ አልወጣ፣ በለቅሶ አልመጣ።
እጁ ግን ይግል ነበር
ጸጉሬን ሲዳብስ፣ በክረምት፣ ከሰል ሳይኖር።

ካፖርቱ በር ጀርባ ዛሬም ተሰቅሏል።
አንድ ቀትር ለብሼው ወጣሁ፣ ጥቁሩን፤
ከመንገደኛው ሁሉ ነጥሎ እኔን
አጋለኝ ፀሐዩ።
አየሩ ሲርስ ደግሞ፣ ሊዘንብ ሲል፣
የጠጣውን ጥቂት በጥቂት ይመልሳል።
እናቴ ሦስቴ አጥባዋለች፤ «ናፍጣ ነው» ትላለች።
እኔ ሌላ ቃል አለኝ፣
ከዚያው ፊደል ተነስቶ፣ ሌላ ፊደል ላይ የሚያድር።

ልለካው አስቤ አውቃለሁ፣ ለራሴ፣ ሰው ሳይሰማኝ።
ስንት ገባ? ስንት ወጣ? የቀረው ስንት ነው?
ግን መጀመሪያ ባዶው፤ ሕጉ ይሄው ነው፤
ራሴን ከየት ልቅዳ፣ ከየትኛው ምንጭ፣
እሱን ካልጠጣሁበት ዘመን?

መብራት ጠፋ። ማሽኑ ዓይኑን ከደነ።
ደመናው ተሰንጥቆ ፀሐይ በመስኮቱ ገባች፣
ሁለቱ ጠርሙሶች ላይ፣ ንጹሑም፣ አዌቱም ላይ።
ሩብ ሰዓት ያህል ሥራ ፈትቼ ቆየሁና
ነካኋቸው፣ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ።
ድፍርሱ ይሞቅ ነበር።

ለሸምሲያ አልነገርኳትም።
መብራቱ ሲመጣ «በል» አለችኝ፣ እጇን እያደረቀች፣
«እንደገና ባዶው።»